መርከብ ላይ የሰጠሁት ምርቃት

የተኛንበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። እኔ ግን ያለው መስሎኝ ነበር። ከአልጋው ግርጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል። ማዕበሉ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ውጭ ሲነጋ እዚያም ይነጋል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደዚያ አዙሬ እጸልይ ነበር። አንድ ቀን ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው ገብቶ አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ ባሕሩ ድርግም አለ፤ በቦታው ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች መጡ። ለካ ቴሌቪዥን ኖሯል። መርከቡ ፊቱ ላይ ካሜራ ተክሎ ባሕሩን መስኮት ለሌላቸው ክፍሎች ይልካል አሉኝ። የልጅ ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ጎጎ፣ መስኮት ነው ያልኩሽ እኮ ስቀልድ ነው! ታምኚኛለሽ ብዬ መች አሰብኩ!»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ አለፈ።

ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው። ልጄ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን አጠገብ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቅ፣ አላት፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ትሸጣለች። ደንበኞቿ እኔን ሲያዩ «ሳውቦና ጎጎ» ይላሉ፤ ልጅቷም አፏን ስትፈታ ከእነሱ ሰምታ ጎጎ እንዳለችኝ ቀረች። እናቷ ከሱቅ ስለማትወጣ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያኔ የምንኖረው ጆበርግ ውስጥ፣ ዮቪል ሰፈር ነበር። እግሬ መቀመጥ አይወድም፤ እሷን አዝዬ ያልዞርኩት መንገድ የለም። ሲደክመኝ የሰው ደጅ ላይ አረፍ እላለሁ፤ ውሃ ይሰጡኛል፣ መርቄ እሄዳለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉንም እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው ያስያዙኝ፣ በስተርጅና። ያለኝ ነገር አፌ ነው። በቤታችን እኔ ሳልመርቅ ማዕድ አይቆረስም። ልጆች ሲመረቁ፣ ሰው አዲስ ሱቅ ሲከፍት፣ ሴት ስትወልድ፣ ከሆሳዕና በኩል በመጣነው ሁሉ ዘንድ «እማማን ጥሩልን፣ ትመርቀን» ይባላል። እሄዳለሁ፣ እመርቃለሁ።

የመርከቡን ነገር ያመጣችው ይቺው የልጅ ልጄ ናት። የኛ ሰው በሚነግድበት የከተማው መሀል፣ ጀፕ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ከያዘች ወዲህ ቤት የምትገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ አንድ እሑድ አጠገቤ መጥታ ዘፍ አለች።

«ጎጎ፣ እኔና አንቺ በመርከብ ልንሄድ ነው። ሀብታሞች የሚሄዱበት። መኝታው፣ ምግቡ፣ ሁሉ ነገር እዚያው።»

«የት ያደርሰናል?»

«የትም። ከዱርባን ተነሥቶ ባሕሩ ላይ ዞሮ ዱርባን ይመለሳል። ያንቺ የስደተኛ ወረቀት ከአገር አያስወጣም አይደል? ለዚያ ነው ይህን የመረጥኩት።»

«የትም ካላደረሰ ለምን ይሄዳል?»

«ለመሄድ ብቻ።»

ይሄ ገባኝ። እኔም የምሄደው እንደዚያ ነው።

እናቷ መጀመሪያ ፊቷን አጠቆረች። በኋላ ሱቁ ውስጥ ለብቻችን ስንሆን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንቺ ካለሽ አልሰጋም እማዬ። ብቻ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅዪ» አለችኝ።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም። ወጣት አይደለች?» አለችና ዘይት ልትደረድር ጀርባዋን ሰጠችኝ።

መርከቡን ሳየው ከፎቅ ለየሁት ማለት አልችልም። ከጀፕ ሕንጻዎች አንዱን ነቅለው ውሃ ላይ ያስቀመጡት ይመስላል። ስንገባ አንገቴ ላይ ካርድ አንጠለጠሉልኝ፤ በሩን የሚከፍተውም፣ ምግብ የሚያሰጠውም፣ ማን መሆኔን የሚናገረውም እሱ ነው። ክፍላችን ያለበት ኮሪደር መጨረሻው አይታይም፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ምንጣፉ አንድ ዓይነት። ትንሽ ልዘዋወር ብዬ እወጣና እጠፋለሁ። ነጭ የለበሱ ልጆች ካርዴን አይተው ክንዴን ይዘው ይመልሱኛል። አንድ ቀን የመርከቡ ሆድ ውስጥ ልብስ የሚታጠብበት ድረስ ወርጄ ተገኘሁ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ወንበር ሰጡኝ፤ አንሶላ ሲያጥፉ አብሬያቸው ሳጥፍ ቆየሁ። በቋንቋ አልተግባባንም፤ ግን አንሶላ ማጠፍ ቋንቋ አይጠይቅም።

ክፍላችንን የሚያሰናዳው ሰው ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ፣ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ነው። ጠዋት አልጋዬን አንጥፌ፣ መታጠቢያውን ወልውዬ እጠብቀዋለሁ። ሁለት ቀን ታገሠኝ። ከዚያ ለልጅ ልጄ በእንግሊዝኛ ሲነግራት እጆቹን ያጣምራል።

«ጎጎ፣ ሥራዬን እየወሰዱብኝ ነው፣ አለቃዬ ምን ይለኛል እያለ ነው።»

«ሰው ተኝቶ የተነሣበትን ሌላ ሰው ያነሣለታል እንዴ? ነውር ነው በይው።»

ነገረችው። ሳቀ። ከዚያ ተስማማን፤ ብርድ ልብሱን እኔ፣ ቀሪውን እሱ። ማታ ማታ ፎጣዎቹን እያጣጠፈ አውሬ ይሠራልን ነበር። አንድ ጊዜ ዝሆን፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዝንጀሮ ከጣሪያው ላይ አንጠልጥሎ ትቶልን በሩን ስከፍት ኮሪደሩን በጩኸት አናጋሁት።

የመርከቡን ነገር ስናገር ደስታዬን ብደብቅ እኔም ዋሾ እሆናለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ ከልጅ ልጄ ጋር በአንድ ክፍል፣ አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተን፣ እንደ ድሮው እያወራን እንተኛለን። ትልቅ ሰው ከሆነች ወዲህ እንዲህ አግኝቻት አላውቅም። እግሬን ታሻሽልኛለች። ለኔ ብላ ያመጣችኝ መስሎኝ ነበር።

ልጁን ያገኘሁት ገና መርከቡ ሳይነሣ ነው። ደወል ጮኸና ሰው ሁሉ ብርቱካናማ ጃኬት አንገቱ ላይ እያጠለቀ ወደ ደጁ ወጣ። መርከቡ ሊሰምጥ ነው ብዬ «ጌታ ሆይ፣ ነፍሴን ተቀበል» ስል ከጀርባዬ አንድ ሰው በአማርኛ «አይዞዎት እማማ፣ ልምምድ ነው። ላስርልዎት?» አለኝ።

ዘወር ስል ረጅም፣ ፍንጭት ጥርስ ያለው ልጅ። ባሕር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሀል፣ አማርኛ! አንገቱን ስቤ ሳምኩት። ማሰሪያውን ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያለብስ ሰው አሰረልኝ። የልጅ ልጄ አጠገቤ ቆማ «አመሰግናለሁ፤ እርስዎም ከጆበርግ ነዎት?» አለችው።

«እርስዎ» ስትል ከልቤ ተገረምኩ። ይቺ ልጅ ለፓስተሩ እንኳ «አንተ» እያለች ስታሳፍረኝ የኖረች ናት። ጥሩ ነገር ተማረች አልኩ በሆዴ።

ስሙን ጠየቅሁት። ነገረኝ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ ስም ነው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የወንዶቹ ግማሽ በዚሁ ስም ይጠራሉ። «የኛው ልጅ ነህ ማለት ነው!» አልኩት። ዝቅ ብሎ የጫማዬን ክር የሚያይ መሰለኝ።

ማታ እራት ቤት ስንገባ፣ በተሰጠን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እዚያ ሁሉም ሰው ቦታው የታወቀ ነው፤ እስከ መጨረሻው ማታ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው የሚበላው።

«ምን ዓይነት ዕድል ነው!» አልኩ።

«መርከቡ ነው የሚያስቀምጠው ጎጎ» አለች የልጅ ልጄ፣ ፎጣውን ጭኗ ላይ እያነጠፈች።

እራት ቤቱ ሌላ ዓለም ነው። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት እንደ ወይን ዘለላ ነው። በአንድ ሰው ፊት የማንኪያና የሹካ ዓይነት ተደርድሯል። መጀመሪያ ያመጡልኝ በትልቅ ሳህን መሀል ላይ የተቀመጠች ዓይን የምታህል ነገር ናት። ይሄው ነው ብዬ ዳቦውን በቅቤ አድርጌ ጠገብኩ። ከዚያ ሾርባ መጣ፣ ከዚያ ዓሣ፣ ከዚያ ሥጋ፣ ከዚያ ጣፋጭ። አስተናጋጇ ያልነካሁትን ሳህን ባነሣች ቁጥር ፊቷ ይከፋል። ልጁ ጠጋ ብሎ «እማማ፣ እዚህ አገር ዳቦ ወጥመድ ነው፣ አይንኩት» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዳቦውን አላየሁትም።

እሱ ወይን አይጠጣም። እኛም አንጠጣም፤ ስለዚህ አልገረመኝም። ሥጋ ሲመጣ ለእሱ ሳይጠይቅ ዓሣ ይመጣለታል። «ሥጋ ለሆዴ አይስማማም» አለኝ። እኔ ስጸልይ አንገቱን ይደፋል። ውሃ ይቀዳልኛል፤ ስነሣ ይነሣል፤ ጀፕ ስላለው ንግዱ፣ ስለ አያቱ ይነግረኛል። አያቱ በቆሎና እንሰት የምታለማ፣ ገበያ ስትሄድ የምትዘፍን ሴት ነበረች። ቆጮ እንዴት እንደሚጋገር ተከራከርን፤ የእናንተ ይወፍራል፣ የእናንተ ይሳሳል ተባባልን። ማታ አልጋ ላይ ሆነን «አየሽ፣ እንዲህ ያለ ልጅ» አልኳት። በጨለማው ውስጥ ወደኔ ተገላበጠች። በኋላ «ወደድሽው ጎጎ?» አለችኝ። «ማን ይጠላዋል!» አልኩ።

የመጨረሻው ማታ ሰው ሁሉ አምሮ የሚለብስበት ነው። የትንሣኤ ቀሚሴን ለበስኩ። የልጅ ልጄ ፀጉሬን ሠራችልኝ። ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጥን፣ ምግቡ ሳይመጣ፣ ስልኳን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ ወደኔ አዞረችው።

«ጎጎ፣ ዛሬ መርቂን። በየስማችን ጠርተሽ።»

«ማዕዱን ነው እንጂ ምን በስም ያስጠራል?»

«ለማስታወሻ። ድምፅሽን ልያዘው።»

እናቱ በሩቅ ያለች ልጅ፣ ነገ የምንለያየው፣ አጠገቤ ተቀምጧል። ለምን ይቅርበት? እጃቸውን ዘረጉ። የሁለቱንም ስም ጠራሁ። «ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ። በሰው አገር ሰው አያሳጣችሁ። አንዳችሁ ላንዳችሁ መጠጊያ ሁኑ። እንደ እንሰት ሥር ስደዱ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» አልኩ። «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ወልዳችሁ ሳሙ ማለት ለኔ አዲስ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ወንበር ለለቀቁልኝ፣ እቃዬን ለተሸከሙልኝ ለማይተዋወቁ ልጆች ሁሉ የምለው ነው። እያንዳንዳችሁ በየቤታችሁ ማለቴ ነው።

ስጨርስ ልጁ ሁለት መዳፎቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ጠረገ። ያለቀሰ መሰለኝ። አያቱ ትዝ አለችው ብዬ ፎጣዬን ሰጠሁት። ተቀበለኝ። በደረቅ ፊቱ ላይ ፎጣውን ያዘ።

ዱርባን ስንወርድ አጣሁት። ሰዉን እየገፋሁ፣ አንገቴን እያስረዘምኩ ፈለግሁት። «ሳልሰናበተው!» ስል የልጅ ልጄ «በሌላ በር ወርዶ ይሆናል፤ ነይ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» አለችኝ። ሙሉ መንገዱን ስልኳን እያየች መጣች፤ እኔ ለእሱ አዘንኩ።

ጆበርግ ፓርክ ጣቢያ ልጄ ልትቀበለን መጥታ ነበር። ሻንጣውን ተቀበለችን፣ እኛን ግን አልሳመችንም። ቤት ገብተን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኳን ፊቴ ላይ ያዘችው። እኔ ነበርኩ፤ በትንሣኤ ቀሚሴ፣ በወይን ዘለላው መብራት ሥር፣ እየመረቅሁ።

«ላከችልኝ» አለች ልጄ። «ጎጎ መረቀችን፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው ብላ።»

«ምኑን ነው የመረቅሁት?»

«እማዬ፣ አታውቂም ልትዪኝ ነው? የሚያገባትን ነዋ!»

ወደ ልጅ ልጄ ዞርኩ። ወንበሩን ይዛ ቆማለች።

«እዚህ ጋ እይ» አለች ልጄ። ሥዕሉን አቆመችው። ልጁ መዳፎቹን ፊቱ ላይ አድርጓል። «ፊቱን ሲጠርግ አላየሽም? ጀፕ ስትዞሪ ስንቱን ዱዓ አድርጎ ሲነሣ አይተሻል? ሙስሊም ነው እማዬ። ስሙም ይሄ ያልሽው አይደለም።»

ተቀመጥኩ። አየሁ እንጂ፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መደብሩን ሲዘጋ፣ እቃ ሲጫንለት፣ ሰው ሲቀብር። ባሕር ላይ ሲሆን ግን እንባ መሰለኝ።

«ስሙ አይደለም?» አልኩ። ሌላው ሁሉ አልፎኝ ይሄው ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረ።

«ጎጎ...» አለች የልጅ ልጄ። እግሬ ሥር ተንበረከከች። «ስሙን ቀድመሽ ብትሰሚ እሱን አታዪውም ነበር። እንድታውቂው ነው የፈለግሁት። ወደሽዋል እኮ! ራስሽ ማን ይጠላዋል ብለሻል!»

«ጠይቀሽኝ ነው እንደማላየው ያወቅሽ?»

«እማዬ ነግራኛለች።»

ያን ጊዜ ልጄን አየኋት። ስልኳን ወደ ጎን ዞር አደረገች።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ምን ልበላት?» አለች። «ይህን ልጅ ካወቀች ዓመት አልፏታል። እምቢ ብላት፣ ብቆጣ፣ ባለቅስ አልሰማ አለችኝ። የአያትሽ አፍ ካልመረቀው የኔን አትጠብቂ አልኳት። አያትሽ ደግሞ ይህን ብትሰማ ትሞታለች አልኳት።»

«እኔ እሞታለሁ ብያለሁ?»

«አትዪም ነበር?»

«አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ለካስ ዓመቱን ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ በኔ አፍ ሲነጋገሩ ኖረዋል። አንዷ አፌን በር ላይ እንደሚቆም ዱላ አቆመችው፤ አንዷ ደግሞ ዱላውን ባሕር ድረስ አታልላ ወስዳ ሰረቀችው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ያውቁ ነበር አሉ። ሴቶቹ ከቅዳሜ ጸሎት በኋላ እኔ ስጠጋ ለምን ወሬ ይቀይሩ እንደነበር ገባኝ።

«ምርቃቱን አንሺው እማዬ» አለች ልጄ። «ተታለልኩ በይ፣ አላውቅም ነበር በይ። እኔም ለዘመዶች እነግራለሁ።»

«ጎጎ፣ እባክሽ» አለች የልጅ ልጄ። «የተመረቀ አይነሣም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ተነሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እግሬ ቤት አላስቀመጠኝም። ምግቤን በልቼ እወጣለሁ፤ አንድ ቀን በታክሲ ተሳፍሬ ጀፕ ወረድኩ። እዚያ ያለው የገበያ ሕንጻ ከመሬት እስከ ጣሪያ የኛ ሰው ነው፤ ሱሪ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የስልክ መክደኛ፤ ጋሪ የሚገፉት ልጆች «ማማ፣ ሽሽ!» እያሉ ያልፋሉ። ደረጃውን እየወጣሁ በየሱቁ ቆሜ ስሙን፣ መርከብ ላይ የነገረኝን ስም፣ እየጠራሁ ጠየቅሁ። ረጅም ልጅ፣ እዚህ የሚነግድ። ሰዎቹ እያሰቡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በዚያ ስም ብዙ ልጅ አለ፤ አንዱም የኔው አልሆነም። ደጋግሜ ስጠራው ስሙ አፌ ውስጥ ባዶ ሆነ። የመረቅሁት ሰው የት እንዳለ አላውቅም።

ብርድ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ሻሽ የጠመጠመች ሴት ወንበር ሰጠችኝ።

«እናቴ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ይህ ፎቅ ላይ የለም። መልኩን ይንገሩኝ።»

«ፍንጭት ነው። ሲስቅ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚስቅ። ስነሣ ይነሣል።»

ሳቀች። «ስነሣ ይነሣል! እሱማ ከታች ፎቅ ነው፤ ዕቃ ከኛ ጋር ነው የሚያመጣው። ስሙ እኮ...»

አፏን በእጄ ያዝኩት፤ እንግዳ ሴት፣ ገና ያወቅኋት፣ አፏን። «ስሙን አትንገሪኝ ልጄ። ራሱ ይንገረኝ። አያቷ ፈልጋህ መጥታ ነበር በይልኝ።»

ሴትዮዋ እጄን ከአፏ ላይ አንሥታ ያዘችው። «እሺ እናቴ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ሻይ አስመጣችልኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጄ ከብረት በሩ ኋላ ሆና አየችውና ቁልፉን ሳታነሣ ቀረች። እሱ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ፣ መሀላቸው ፍርግርግ። ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ እኔ ከፈትኩ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። የልጅ ልጄ ከክፍሏ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ስምህን ንገረኝ።»

ነገረኝ። በመጀመሪያ ድምፁ አልወጣም፤ ደገመው።

«ጥሩ ስም ነው» አልኩ። «ማን አወጣልህ?»

«አባቴ። የአያቴ ነው እማማ። በእሱ ነው የተሰየምኩት።»

«የአያትህን ስም አውልቀህ ነው እኔ ፊት የተቀመጥከው?»

አንገቱን ደፋ። «ሁለት ጊዜ ልነግርዎት አፌን ከፍቻለሁ» አለ። «የቆጮው ዕለትና የመጨረሻው ማታ። እርስዎ ፎጣውን ሲሰጡኝ ደግሞ... ከዚያ ወዲያ አቃተኝ።»

«እኔ ፎጣ የሰጠሁት ለሚያለቅስ ልጅ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ልጄ ከበሩ ጋ «እማዬ፣ ሰማሽ? ከራሱ አፍ ሰማሽ? አሁን አንሺው!» አለች።

«ምኑን ላንሣ? የመረቅሁት ሌላ ሰው ነው» አልኳት። «ጀፕን ሙሉ ፈልጌ አጣሁት። ለሌለ ሰው የሰጠሁትን ከማን እወስዳለሁ?»

የልጅ ልጄ ፊቷ በራ። ሮጣ መጥታ አጠገቡ ተንበረከከች፤ መዳፏን ዘረጋች፤ እሱንም በክርኗ ጎሰም አደረገችው፤ እሱም ዘረጋ። «እንግዲያው አሁን ጎጎ፤ በስሙ።»

አራት መዳፍ ፊቴ ላይ ተዘርግቷል። አፌ ከልማዱ ሊከፈት ሲል ተሰማኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት እጅ ሲዘረጋልኝ ዝም ብዬ አላውቅማ። ጥርሴን ገጠምኩ። ልጄ ታየኛለች፣ የልጅ ልጄ ታየኛለች። ሁለቱም ምን እንደምል እንደሚያውቁ ሆነው ነው የሚያዩኝ።

«ይኼኛውን ልጅ ገና ዛሬ ነው ያየሁት» አልኩ። «እጃችሁን አውርዱ።»

የልጅ ልጄ እጇን ቶሎ አላወረደችም። እሱ አወረደ። ሲወጣ «እንደገና ልምጣ እማማ?» አለኝ፤ «ስምህን ይዘህ ና» አልኩት። ልጄ በሩን ከኋላው ስትቆልፍ የብረቱ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

አሁን እሑድ እሑድ ይመጣል። ልጄ እሱ ሲመጣ ሱቅ ትሄዳለች። እሱ ተቀምጦ ከእኔ ጋር ያወራል፤ ስለ ቆጮው አንነጋገርም። ጥሩ ልጅ ይመስለኛል። መርከብ ላይም ጥሩ ልጅ መስሎኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የማልቸኩለው። ከልጄ ጋርም ስለ ዱቄቱ፣ ስለ መብራቱ እንነጋገራለን፤ ስለዚያ ዓመት ግን አልጠየቅኋትም፣ አልነገረችኝም። ሰዎች ይህን ነገር በተለያየ አፍ ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ ለዚህም ነው በራሴ አፍ የጻፍኩት።

ማታ ማዕድ ሲቀርብ አሁንም እኔን ይጠብቃሉ። እንጀራውን እመርቃለሁ፣ ያበቀለውን፣ ያበሰለውን። እዚያ ላይ አቆማለሁ። በፊት ከዚያ ወዲያ ወደ እነሱ ዞሬ ስማቸውን እየጠራሁ እቀጥል ነበር።

ባለፈው የልጅ ልጄ እጇን ሳትዘረጋ፣ ሳህኗን እያየች «ጎጎ፣ እኛንስ?» አለች።

«እናንተን ሳውቃችሁ» አልኳትና መጀመሪያ የቆረስኩትን ለራሴ ጎረስኩ።